የጡት ምርመራ በየስንት ጊዜው? ከጅማ የተጻፈ ደብዳቤ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። በጅማ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርት ነኝ፤ ካስተማርኩ 22 ዓመት ሆኖኛል። ጋዜጣችሁ ለመምህራን ማረፊያ ክፍላችን አንድ ቅጂ ብቻ ስለሚገዛ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ እኔ ዘንድ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ቀን ነው። የዛሬ አምስት ሳምንት የወጣው የጤና ገጽ ግን በወጣበት ዕለት፣ በእረፍት ሰዓት፣ ጮክ ተብሎ ተነበበ። ስለ ጡት ካንሰር የተጻፈ ነበር። ያነበበችልን የሥነ ሕይወት መምህርቷ ባልደረባዬ ናት። ጽሑፉ “ማንኛዋም ሴት ከ40 ዓመቷ ጀምሮ በየዓመቱ ማሞግራፊ መነሣት አለባት” ይላል። ማሞግራፊ የጡት የራጅ ፎቶ ነው።

ባልደረባዬ 41 ዓመቷ ነው። ጋዜጣውን አጠፈችና “እንግዲህ ዘንድሮ የዕቁቤ ብር ለዚህ ይውላል፤ አዲስ አበባ እሄዳለሁ” አለች። የሻይ ብርጭቆ ስትሰበስብ የነበረችው የጽዳት ሠራተኛችን በሩ አጠገብ ቆማ ታዳምጥ ኖሯል። ሁሉም ወደየክፍሉ ሲበተን ወደ እኔ ጠጋ አለችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ “እትዬ፣ እኔ ገና 33 ዓመቴ ነው። ጡቴ ላይ ግን አንድ ነገር ካገኘሁ ሁለት ወር አልፎኛል። 40 እስኪሞላኝ ልጠብቅ ማለት ነው?” ብላ ጠየቀችኝ።

ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ የእርሷ ጥያቄ ነው። ጽሑፋችሁ በቅን ልቡና እንደተጻፈ አልጠራጠርም። ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ቀላቅሎታል። አንደኛው የጤና ባለሙያዎች የልየታ ምርመራ የሚሉት ነው፤ ምንም ሳይሰማት፣ ምንም ሳታይ፣ ደኅና ነኝ ብላ የምትኖር ሴት በተወሰነ ጊዜ እየሄደች የምታደርገው። “በየስንት ጊዜው?” የሚለው ጥያቄ የዚህኛው ነው። ሁለተኛው ደግሞ አንድ ምልክት ያገኘች ሴት የምታደርገው ምርመራ ነው። እዚህኛው ላይ ዕድሜም፣ ተራም፣ የጊዜ ሰሌዳም የለም። ጠጠር የመሰለ እብጠት በጡቷ ወይም በብብቷ ያገኘች፣ የጡቷ ቆዳ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የተጨማደደባት፣ የጡቷ ጫፍ ወደ ውስጥ የገባባት ወይም ደም የሚያወጣባት ሴት 25 ዓመቷም ይሁን 75 ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ መሄድ አለባት። ጽሑፋችሁ ስለዚህች ሴት አንድ ዓረፍተ ነገር አልነበረውም። እንዲያውም የእኛን የጽዳት ሠራተኛ ሰባት ዓመት እንድትጠብቅ ሊያደርጋት ምንም አልቀረውም።

ለምን እንዲህ እንደቆረቆረኝ እንዲገባችሁ ስለ እህቴ ልንገራችሁ። ከእኔ በአራት ዓመት ትበልጥ ነበር። ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ የባሏ ቤተሰቦች የቡና ማሳ አላቸው፤ ትዳሯም ኑሮዋም እዚያ ነበር። ኅዳር 5 ቀን 2010 ዓ.ም. ለቀማ የተጀመረበት ዕለት ነበር፤ ቀኑን ሳትረሳው የቀረችው ለዚያ ነው። ማታ ሰውነቷን ስትታጠብ ግራ ጡቷ ላይ፣ በብብቷ በኩል፣ እንደ ቡና ፍሬ ድድር ያለ ነገር እጇን ነካት። አላመማትም። ስላላመማትም ተወችው። በሽታ ማለት የሚያም ነገር ይመስለናል፤ የጡት ካንሰር ግን ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የለውም። ቡናው ተለቅሞ፣ አልጋ ላይ ተሰጥቶ፣ ተሸጦ እስኪያልቅ ለማንም አልተናገረችም። ጾሙም ገባ። ለእኔ የነገረችኝ በፋሲካ ማግስት ቤቴ መጥታ ቡና እያፈላን ሳለ ነው፤ ያን ጊዜ የቡና ፍሬው የለውዝ ዛላ አክሎ ነበር።

ሚያዝያ 8 ቀን ይዣት ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ስሙን አላነሣም፤ ዛሬ ቂሜ ከእነርሱ ጋር አይደለም። መርማሪው ጡቷን በልብሷ ላይ ዳሰስ አድርጎ “ኢንፌክሽን ነው” አለና አንቲባዮቲክ አዘዘላት። አልጠፋም። ሁለተኛ ዙር አዘዘላት። አሁንም አልጠፋም። እኔ ትልልቅ ሆስፒታል እንሂድ ስል አማቷ “ብረት ከነካው ይቆጣል፤ ቢላዋ ያየ ዕጢ አይድንም” አሉ። ሴትዮዋ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ጎረቤታቸው ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት በስድስት ወሯ ስትሞት በዓይናቸው አይተዋል። ያቺ ጎረቤት ሆስፒታል የገባችው በሽታው ከጡቷ አልፎ ከተሠራጨ በኋላ መሆኑን የነገራቸው ግን የለም። ክረምቱ በጸበልና በባህል መድኃኒት አለፈ። መስከረም ሲጠባ ቁስል አወጣች፤ ያኔ ነው ባሏ ራሱ ይዟት የመጣው። በመርፌ ናሙና ተወሰደ። ጥቅምት 20 ቀን 2011 ዓ.ም. ውጤቱ ተነገረን፤ ካንሰር ነው፣ ከአራቱ ደረጃዎች ሦስተኛው ላይ ደርሷል። ገንዘብ ስናሰባስብ፣ ቀጠሮ ስንጠብቅ፣ ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ለመጀመሪያ ጊዜ የወሰደችው ጥር 12 ቀን ነው።

የሒሳብ መምህርት ነኝና ቀኖቹን ቆጠርኳቸው። ከለቀማው ማታ እስከ ክሊኒኩ 153 ቀን። ከክሊኒኩ እስከ ውጤቱ 197 ቀን። ከውጤቱ እስከ መጀመሪያው መድኃኒት 82 ቀን። ድምሩ 432 ቀን። እህቴን በ46 ዓመቷ፣ ሰኔ 2013 ዓ.ም. ቀበርናት። ቶሎ ብትታከም ኖሮ በእርግጥ ትድን ነበር ብዬ አልምልም። የቡና ፍሬ ያህል ሳለ የተገኘና ቁስል አውጥቶ የተገኘ ካንሰር ግን አንድ እንዳልሆኑ ማንም ሐኪም ይነግራችኋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባስጀመረው የጡት ካንሰር መርሐ ግብር አገሮች ሁሉ እንዲደርሱባቸው ሦስት ግቦች አስቀምጧል። ከሚገኙት የጡት ካንሰሮች ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ላይ እያሉ እንዲታወቁ፣ አንዲት ሴት ጤና ተቋም ከረገጠችበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ እንዲያልቅ፣ ሕክምና ከጀመሩት ውስጥ ደግሞ 80 በመቶዎቹ ሕክምናቸውን እንዲፈጽሙ ይላል። ይህን ቁጥር ሳነብ መጀመሪያ ያደረግሁት 197ን ለ60 ማካፈል ነው። ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። እንግዲህ እህቴ በ40 ዓመቷ ማሞግራፊ ተነሥታ ቢሆን ኖሮስ? ምናልባት ይጠቅማት ነበር። ግን ምልክቱ በእጇ ላይ እያለ 432 ቀን የባከነባትን ሴት፣ “በየዓመቱ ተመርመሪ” የሚለው ምክር ብቻውን የት ያደርሳታል?

አሁን ወደ “በየስንት ጊዜው” ልመለስ፤ ጥያቄው ተራ ጥያቄ አይደለምና። ጽሑፋችሁ “በየዓመቱ” ሲል ዓለም ሁሉ የተስማማበት ነገር ያስመስለዋል። አልተስማማም። በእንግሊዝ አገር የመንግሥት የጤና አገልግሎት ሴቶችን የሚጠራው ከ50 ዓመታቸው አንሥቶ 71 እስኪሞላቸው፣ በየሦስት ዓመቱ ነው። በአሜሪካ ምክር የሚሰጠው የመከላከል አገልግሎቶች ግብረ ኃይል በ2009 እ.ኤ.አ. “ከ50 እስከ 74፣ በየሁለት ዓመቱ” ብሎ ነበር፤ በ2024 መነሻውን ወደ 40 ዝቅ አደረገው፣ ሁለት ዓመቱን ግን አልነካውም። እዚያው አሜሪካ የካንሰር ማኅበሩ በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው ምክር ደግሞ ከ45 እስከ 54 በየዓመቱ፣ ከ55 በኋላ በየሁለት ዓመቱ፣ የፈለገች በየዓመቱ መቀጠል ትችላለች ይላል። የተማሩ፣ ያንኑ ጥናት የሚያነብቡ ሰዎች ናቸው እንዲህ የሚለያዩት።

ልዩነቱ የመጣው ምርመራው ከጥቅሙ ጋር ጉዳትም ስላለው ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ስድስት የተለያዩ የአጥኚ ቡድኖች በኮምፒውተር አስልተው እንዳገኙት በየሁለት ዓመቱ የሚደረገው ምርመራ በየዓመቱ ከሚደረገው ጥቅም በአማካይ 81 በመቶውን ይሰጣል፤ የሌለ በሽታ አለ ብሎ ማስደንገጡን ግን በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል። በአሜሪካ ለአሥር ዓመት በየዓመቱ ከምትመረመር ከሁለት ሴቶች አንዷ ያህል ቢያንስ አንድ ጊዜ “ተመለሺ፣ አንድ ነገር ታይቷል” ትባላለች፤ አብዛኛውን ጊዜም ምንም አይገኝባትም። ሌላም አለ። በእንግሊዝ በ2012 እ.ኤ.አ. ገለልተኛ የባለሙያዎች ቡድን ማስረጃውን ሁሉ ገምግሞ፣ 10,000 ሴቶች ከ50 ዓመታቸው ጀምሮ ለ20 ዓመት ቢጠሩ 43 ሞት ይቀራል፣ 129 ሴቶች ደግሞ በሕይወት ዘመናቸው ችግር ሊያመጣባቸው ለማይችል ካንሰር ይታከማሉ ብሎ ገምቷል። አንድ ነፍስ ለማትረፍ ሦስት ሴቶች ሳያስፈልጋቸው ቢላዋና ጨረር ያያሉ ማለት ነው። ይህን የምጽፈው ሴቶች እንዲፈሩ አይደለም፤ 43 ነፍስ ትልቅ ነገር ነው፣ ከእነርሱ አንዷ እህቴ ልትሆን ትችል ነበር። ሴት ልጅ ሚዛኑን አይታ ትወስን ነው የምለው።

እኔም ሚዛኑን በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። እህቴን በቀበርን በዓመቱ፣ ሐምሌ 2014 ዓ.ም.፣ ለክረምቱ እረፍት አዲስ አበባ ወንድሜ ቤት ሄጄ ሳለ ሚስቱ ይዛኝ ሄደች። 43 ዓመቴ ነበር። ምርመራው ራሱ ቀላል ነው፤ ጡትን በሁለት ሰሌዳ መካከል ጫን ያደርጉታል፣ ለጥቂት ሰከንዶች ይቆረጥማል፣ ያልቃል። ጨረሩም ጥቂት ነው፤ በሰባት ሳምንት ውስጥ ማንኛችንም ከምድሪቱና ከሰማይ ከምንቀበለው የተፈጥሮ ጨረር ጋር ይመጣጠናል። ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በማግስቱ ስልክ ተደወለልኝ፤ “ቀኝ ጡትሽ ላይ የሚታይ ነገር አለ፣ አልትራሳውንድ ያስፈልጋል” ተባልኩ። ቀጠሮው ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነበር። ዘጠኙን ቀን አልበላሁም ብል ማጋነን አይሆንም። ሌሊት ሌሊት ልጄን ለማን እንደማስረክብ እያሰብኩ ጣሪያ ሳይ አድር ነበር። የወንድሜ ሚስት ምስር ወጥ ሠርታ ታቀርባለች፣ እኔ በእንጀራው ጠርዝ ስጫወት ይቀዘቅዛል። በመጨረሻ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ነው ተባለ፤ ምንም ጉዳት የሌለው፣ በእኔ ዕድሜ ባሉ ሴቶች ዘንድ የተለመደ። አልቅሼ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። የወር ደመወዜ ግን ከመጓጓዣው ጋር አልቆ ነበር፤ የልጄን የደብተር ብር ተበድሬ ነው ወደ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር የተመለስኩት።

ታዲያ ከዚያ በኋላ ምን ወሰንኩ? የመረመረችኝ ሐኪም አንዲት ትዕግሥተኛ ሴት ናት፤ ጥያቄዎቼን በወረቀት ጽፌ ስሄድ አልሳቀችብኝም። እህት፣ እናት ወይም ልጅ በጡት ካንሰር የታመመችባት ሴት በበሽታው የመያዝ ዕድሏ ከሌላዋ ሴት በእጥፍ ያህል እንደሚጨምር ነገረችኝ። የወር አበባዋ ያልቆመ ሴት ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በፎቶው ላይ ዕጢው ሊደበቅ እንደሚችል፣ በዚያ ዕድሜ የሚነሣ ካንሰርም ፈጥኖ የማደግ ጠባይ እንዳለው አስረዳችኝ። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት የወር አበባቸው ባልቆመ ሴቶች ዘንድ የሁለት ዓመት ልዩነት ካንሰሩን ትንሽ ከፍ ባለ ደረጃ ላይ እንዲገኝ እንዳደረገ፣ ከቆመላቸው ዘንድ ግን በአንድና በሁለት ዓመት መካከል ልዩነት እንዳላሳየ ነገረችኝ። ስለዚህ የእኔ ውሳኔ ይህ ነው፤ የወር አበባዬ እስኪቆም በየዓመቱ፣ ከቆመ በኋላ በየሁለት ዓመቱ። ዛሬ 47 ዓመቴ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር የአውቶቡስ ትኬት እቆርጣለሁ፤ ዓመቱን ሙሉ ለዚያ እቆጥባለሁ። ስለ ከረጢቱ አሁን ስለማውቅ “ተመለሺ” ብባል እንደዚያ ጊዜ አልፈርስም።

ይህ የእኔ ነው። ለባልደረባዬ አይሆንም። እርሷ በቤተሰቧ ማንም የታመመባት የለም፣ ምልክትም የላትም። እኔ የመከርኳት የዕቁብ ብሯን በየዓመቱ እንዳታፈስ፣ አቅሟ ከፈቀደ በየሁለት ዓመቱ እንድታደርገው፣ በመካከሉ ጡቷን እንድታውቀው ነው። ከሐኪም ጋር ተማከሪም ብያታለሁ፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም።

“በኛ አገር የጡት ካንሰር ወጣቶችን ስለሚይዝ በ30 ዓመት ማሞግራፊ መጀመር አለብን” የሚል ክርክርም በማረፊያ ክፍላችን ተነሥቶ ነበር። እዚህ ላይ አንድ የሒሳብ ነገር ልበል፤ ተማሪዎቼም በየዓመቱ የሚሳሳቱት ነው። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የሚታከሙት የጡት ካንሰር ሕሙማን አማካይ ዕድሜ በአርባዎቹ መጀመሪያ ነው፤ በአውሮፓ ከስልሳ ያልፋል። እውነት ነው። ሆኖም ከሕዝባችን ግማሹ ያህል ከ20 ዓመት በታች ነው፤ ባለ 65 ዓመት ሴቶች በቁጥር ጥቂት ናቸው። ጥቂት አሮጊት ባለችበት አገር ከሕሙማን መካከልም ጥቂት አሮጊት ትገኛለች፤ አማካዩ ዝቅ ይላል። ይህ ማለት ግን አንዲት የ30 ዓመት ሴት ከአንዲት የ60 ዓመት ሴት ይልቅ በካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከፍ ያለ ነው ማለት አይደለም። ዕድሜ በጨመረ ቁጥር አደጋው ይጨምራል፤ እዚህም እዚያም። “እኔ አርጅቻለሁ፣ ምን ይፈልገኛል” የሚሉ እናቶቻችን ናቸው በዚህ ስሕተት የሚጎዱት። የ30 ዓመቷ ደግሞ ማሞግራፊው ብዙም አያሳይላትም፤ እብጠት ካገኘች በአልትራሳውንድ ነው በተሻለ የሚታየው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልቤን የያዘው ግን እንደ እህቴ ያሉት ናቸው፤ ሐሙስ ሐሙስ ገበያ ቅቤና ማር ይዘው የሚወርዱት፣ የጅማ ዙሪያ ቀበሌዎች ሴቶች። ለእነርሱ “በየዓመቱ ማሞግራፊ” ማለት ሰማይን ዝለሉ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የጤና ሥርዓታቸው ደካማ ለሆነ አገሮች ማሞግራፊን በጅምላ ማካሄድ እንደማይመከር፣ ይልቁንም ምልክት ያላቸውን ሴቶች ቶሎ መርምሮ ቶሎ ማከም እንደሚቀድም ተናግሯል። ይህን ስታነቡ “ለድሃ አገር ድሃ ምክር” ብላችሁ ታዝኑ ይሆናል፤ እኔም መጀመሪያ አዝኜ ነበር። በኋላ የሙምባይን ጥናት አነበብኩ።

በሕንድ ሙምባይ ከተማ፣ በድሆች መንደሮች የሚኖሩ ከ35 እስከ 64 ዓመት የሆኑ ከ151,000 በላይ ሴቶች በሁለት ተከፍለው ለ20 ዓመት ተከታተሏቸው። በአንደኛው ወገን ያሉትን የሠለጠኑ የጤና ሠራተኞች በየሁለት ዓመቱ ጡታቸውን በእጃቸው ይመረምሯቸው ነበር። ማሽን የለም፤ እጅና ዕውቀት ብቻ። ውጤቱ በ2021 ሲወጣ በዚያ ወገን ካንሰሩ ቀድሞ፣ ደረጃው ዝቅ ብሎ እየተገኘ ነበር። ከ50 ዓመት በላይ በሆኑት ዘንድ ሞቱ በ30 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ከ50 በታች ባሉት ዘንድ የሞት ቅነሳ አልታየም፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም። ራስን በራስ መመርመርን በተመለከተም በሻንጋይ በ266,000 የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሴቶች ላይ የተደረገው ጥናት፣ በየወሩ በሥርዓት ራሳቸውን እንዲመረምሩ መሠልጠናቸው ሞትን እንዳልቀነሰ በ2002 እ.ኤ.አ. አሳይቷል። ስለዚህ “ራስሽን በየወሩ መርምሪ፣ ሌላ አያስፈልግሽም” የሚል ማንም ቢኖር አትስሙት። የጡትን ጠባይ ማወቅና ለውጥ ሲያዩ ሳይውል ሳያድር መሄድ ግን ከሥርዓተ ምርመራ የተለየ ነገር ነው፤ እህቴ የጎደላት መሄዱ እንጂ ማግኘቱ አልነበረም።

ስለዚህ ለጅማ አንድ ሐሳብ አለኝ። ጤና ጣቢያዎቻችን ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች የማኅጸን በር ካንሰር ልየታ በየአምስት ዓመቱ ያደርጋሉ። ያቺ ሴት ልጇን ለጎረቤት ትታ፣ ወረፋ ጠብቃ፣ አፍረቷን ውጣ አልጋው ላይ ወጥታለች። ነርሷ እጇን ታጥባ ለዚያች ሴት ጡቶችና ብብቶች ጥቂት ደቂቃ ብትጨምር ምን ይጎድላል? አምስት ዓመት ለጡት ረጅም ነው፣ አውቃለሁ፤ ለቤተሰብ ምጣኔ መርፌ ስትመጣም፣ ልጅ ልታስከትብ ስትመጣም መጨመር ይቻላል። ከ50 በላይ ያሉት እናቶች ግን በእነዚህ በሮች ስለማያልፉ፣ የሙምባዩ ጥናትም በጣም የጠቀመው እነርሱን ስለሆነ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ “እርስዎስ?” ብለው ቢጠይቋቸው። የሚነገረውም በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይሁን፤ የእህቴ አማት አማርኛ አይችሉም፣ “ብረት ከነካው ይቆጣል” የሚለውን ግን በቋንቋቸው ሰምተውታል። መልሱንም በቋንቋቸው መስማት ነበረባቸው።

እብጠት የተገኘባት ሴት ስትላክም የሪፈር ወረቀቷ ላይ መጀመሪያ የመጣችበት ቀን በትልቁ ይጻፍ። ከ60ው ቀን ስንቱ እንዳለፈ የሚቀበላት ሐኪም በአንድ እይታ ይቁጠር።

የጽዳት ሠራተኛችንን በማግስቱ ጠዋት፣ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ለባልደረባዬ አስረክቤ፣ ይዣት ሄድኩ። ባሏ እንዳይቆጣ ፈርታ “ለጥርሴ ነው ብዬዋለሁ” አለችኝ። አልትራሳውንድ ተነሣች፣ በመርፌ ናሙና ተወሰደ። በየቀኑ ስትጠርግ ዓይኗ እኔን ይፈልጋል፤ እኔም “ገና ነው” እያልኩ በእጄ ምልክት እሰጣታለሁ። በ19ኛው ቀን ውጤቱ መጣ፤ ካንሰር አይደለም፣ ፋይብሮአዴኖማ የሚባል፣ በወጣት ሴቶች ላይ የሚወጣ ጉዳት የሌለው ዕጢ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ተመልሳ ትታያለች። 19 ቀን። ሲፈለግ በዚሁ በጅማ ይቻላል።

ለዝግጅት ክፍሉ የማቀርበው ልመና አጭር ነው። በሚቀጥለው የጤና ገጽ ላይ፣ በጉልህ ፊደል፣ እንዲህ የሚል አትሙልን፦ “በጡትሽ ወይም በብብትሽ እብጠት፣ የቆዳ ለውጥ፣ ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም ካገኘሽ ዕድሜሽን አትቁጠሪ፤ ባያምሽም ነገ ሂጂ። አንቲባዮቲክ ተሰጥቶሽ በሁለት ሳምንት ካልጠፋ ተመልሰሽ ናሙና ይወሰድልኝ በዪ። ምልክት የሌለሽ ከሆነ በየስንት ጊዜው እንደምትመረመሪ ዕድሜሽንና የቤተሰብሽን ታሪክ ይዘሽ ከሐኪም ጋር ወስኚ።” ከታተመ አሥር ቅጂ በራሴ ገንዘብ እገዛለሁ። አንዱ በመምህራን ማረፊያ ክፍላችን በር ላይ ይለጠፋል። የቀሩትን የአፋን ኦሮሞ መምህሩ ባልደረባዬ ከጎኑ ተርጉሞ ሊጽፍልኝ ቃል ገብቷል፤ ሐሙስ ገበያ ይዤያቸው እወርዳለሁ፤ አንዱን ደግሞ በአጋሮ መንገድ ለእህቴ አማት አደርሳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የሒሳብ መምህርት
ጅማ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.